ሞፎንጎ በአዲስ አበባ ማጀት፦ ፕላንቴን ከታጣ ጥሬ ሙዝ ይሆናል ወይ?

አራት_ኪሎ_ማጀት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው እሑድ ለ6 ሰው ሞፎንጎ መሥራት አስቤያለሁ፤ የፖርቶ ሪኮውን፣ ጥሬ ፕላንቴን (ምድጃ ላይ በስሎ የሚበላው ትልቁ የሙዝ ዓይነት) ተጠብሶ ከነጭ ሽንኩርት ጋር የሚወቀጠውን። አሠራሩን በጥቅሉ አውቀዋለሁ፣ የቸገረኝ ከእኛ ከተማ ጋር ማስማማቱ ነው። አብሳይዋ እኔ ብቻ ነኝ፤ ያለኝም ባለ ሁለት ምጣድ የኤሌክትሪክ ስቶቭ፣ አንድ ወፈር ያለ ብረት ድስትና የእንጨት ሙቀጫ ነው።

ፒያሳና አራት ኪሎ ባሉት አትክልት ቤቶች ፕላንቴን አላገኘሁም። የአርባ ምንጩን ሙዝ ጥሬውን ብጠቀም ይሆናል? ስንቱ ስንቱን ይተካል? ሁለተኛ፣ አሳማ ማዕዳችን ላይ አይቀርብም፤ ቺቻሮኑን፣ ማለትም የአሳማ ቆዳ ጥብሱን፣ በምን ልተካው? ከ6ቱ 2ቱ ደግሞ ጾመኞች ናቸው። ሦስተኛ፣ ሲቀዘቅዝ የሚደርቀውና የሚሰነጣጠቀው ለምንድን ነው? እንግዶቹ እኩል ላይደርሱ ስለሚችሉ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይኼ ነው።

ዘነዘና

ከመጨረሻው ልጀምር፤ የቀረው ሁሉ እሱን ተከትሎ ይመጣልና።

ጥሬ ፕላንቴን ውኃው ሲቀነስ ከሞላ ጎደል ስታርች ነው። ስታርች ሲሞቅ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የጠጣውን እየለቀቀ መልሶ ይጠጥራል። ስለዚህ ሞፎንጎ የሚወቀጠው ከዘይት በወጣበት ቅጽበት ነው። 10 ደቂቃ ሳህን ላይ ካደረ ሙቀጫ ውስጥ እየተፈረፈረ ይበታተናል እንጂ አይያያዝም። ከዚያ ወዲያ ዘይት ብታፈሺበት ላዩ ይወዛል እንጂ ውስጡ አይለሰልስም። ስለዚህ መረቁ ፈልቶ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ተልጦ፣ ቅርጽ ማውጫው ሳህን ሞቆ፣ ተመጋቢውም ቤት ገብቶ ነው ፕላንቴኑ ዘይት ውስጥ የሚገባው።

መጠኑን ለአንድ ሰው ልስጥሽና በ6 አባዢው፦ 1 ፕላንቴን፣ የሀበሻ ነጭ ሽንኩርት ከሆነ 3 ፍልቃቂ (የውጭው ትልልቁ ከሆነ 1 ተኩል ይበቃል)፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ የሚፋጅ መረቅ፣ 25 ግራም ያህል ቺቻሮን ወይም ምትኩ። ዙሪያው የሚፈስሰው መረቅ ለብቻ ነው፤ ለሰው ግማሽ ኩባያ ያዢ። በጠቅላላው ለ6 ሰው 1 ሊትር መረቅ ያስፈልግሻል። መጥበሻው ተራ የሱፍ ዘይት ይሁን፤ የወይራ ዘይቱ የሚገባው ውቀጣው ላይ ብቻ ነው።

ልጣጩ እንደ በሰለ ሙዝ በእጅ አይላቀቅም። ሁለቱን ጫፍ ቁረጪ፣ በቁመቱ 3 ወይም 4 ቦታ ልጣጩን ብቻ ሰንጥቂ፣ ለ5 ደቂቃ ለብ ያለ ጨዋማ ውኃ ውስጥ ንከሪ፤ ከዚያ አውራ ጣትሽን ስንጥቁ ሥር አስገብተሽ ወደ ጎን ስትገፊው ይነሣል። የሚያወጣው ፈሳሽ እጅና ልብስ ያጠቁራል፣ በሳሙናም በቀላሉ አይለቅም፤ እጅሽን አስቀድመሽ ዘይት ቀቢ። የተላጠው አየር ሲነካው ስለሚጠቁር ወዲያው ጨው ያለበት ውኃ ውስጥ ይግባ። ከመጠበሱ በፊት ግን በንጹሕ ጨርቅ ጥርግ አድርገሽ አድርቂው፤ ርጥብ ከገባ ዘይቱ ይረጫል።

ውፍረቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ዘይቱ ድስቱ ውስጥ 3 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፤ 22 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ድስት ከ1 ሊትር ትንሽ ይበልጣል። ሙቀቱ ከ165 እስከ 175 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለሽ አንድ ቁራጭ ጣዪበት፤ አረፋው ዙሪያውን ረጋ ብሎ ከወጣ ልክ ነው፣ ገንፍሎ ከተንጫጫ በዝቷል። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ እያገላበጥሽ ጥበሺው። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ወርቃማ ሆኖ ስቴኪኒ መሐሉ ድረስ ያለ ትግል ሲገባ ደርሷል። ቡናማ ካደረግሽው ላዩ ቅርፊት ያወጣል፣ ቅርፊቱም ሲወቀጥ አይደቅም፤ እየተበላ ጥርስ ላይ የሚቆረጨመው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በአንድ ዙር ከ2 ሰው ድርሻ በላይ አትክተቺ፤ የኤሌክትሪክ ስቶቭ የወረደ ሙቀቱን ቶሎ አያነሣም፣ ፕላንቴኑም ከመጠበስ ይልቅ ዘይት ይጠጣል።

ውቀጣው፦ መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርቱና ጨው ድልህ እስኪመስል ይወቀጣል፣ የወይራ ዘይት ይገባበታል። ከዚያ ከዘይት የወጣው ትኩስ ፕላንቴን ከ3 ወይም 4 ቁራጭ ያልበለጠ እየተጨመረ ይመታል። መረቁ በየመሐሉ በማንኪያ ይጨመር፤ በአንዴ ከተደፋ ከላይ ይንሳፈፋል። የሚሰባበረው ነገር፣ ማለትም ቺቻሮኑ ወይም ምትኩ፣ የመጨረሻ ነው፤ 2 ወይም 3 ጊዜ ብቻ መታ መታ አድርገሽ ተዪው። ሊጡ ሙልጭ ማለት የለበትም፣ እዚህም እዚያም ትንንሽ ጓል ይታይበት። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጠቅጥቀሽ ስትገለብጪው ጉልላቱን ይዞ ከቆመ በቂ እርጥበት አለው። ጠርዙ ላይ ስንጥቅ ካየሽ ወደ ሙቀጫው መልሺና 1 ማንኪያ የሚፋጅ መረቅ ጨምሪ፤ ይህ የሚሠራው ገና ትኩስ ሳለ ነው።

ብሌንደር በጭራሽ። ምላጩ ስታርቹን ቀጥቅጦ የሚሳብ ሙጫ ያደርገዋል።

የተራው_ልጅ

ስለ ሙዙ ልመልስ። ይሆናል፣ ግን የትኛው ጥሬ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ የሚመጣው ሙዝ በብዛት የአርባ ምንጭና የአካባቢው ነው፤ ከነአረንጓዴነቱ ተጭኖ ይመጣና እዚህ ማብሰያ ክፍል፣ ማለትም ጥሬው ፍሬ እስኪበስል የሚቆይበት ክፍል፣ ይገባል። ክፍሉ ውስጥ ካደረ በኋላ ላዩ አረንጓዴ ቢመስልም ውስጡ ስታርቹን ወደ ስኳር መቀየር ጀምሯል። እንዲህ ያለው ሲጠበስ ቶሎ ይጠቁራል፣ ሲወቀጥም ይዝረከረካል። ስለዚህ ለነጋዴው "ጥሬ ሙዝ" ብቻ አትበይው፤ "ማብሰያ ያልገባ" ብለሽ ጠይቂ። አትክልት ተራ ከፒያሳ ከተነሣ ወዲህ በጅምላ የሚገኘው ሃይሌ ጋርመንት ነው፤ እዚያ መሄድ ካልተመቸሽ የሰፈርሽን ፍራፍሬ ነጋዴ በዋዜማው ብታዢው ከሚቀጥለው ጭነት ሳይበስል ያመጣልሻል።

ቤት ስታደርሺው አንዱን መሐል ለመሐል ስበሪው። ቀጭ ብሎ ደረቅ ስብራት ካሳየ፣ ልጣጩ ሥጋው ላይ ከተጣበቀና ነጭ ፈሳሽ ካንጠባጠበ ጥሩ ነው። ታጥፎ ከተቀደደና ልጣጩ ራሱን ከለቀቀ ለሞፎንጎ አልፎበታል። እርግጠኛ መሆን የምትፈልጊ ከሆነ ፋርማሲ የሚሸጠውን የቁስል አዮዲን አንድ ጠብታ ስብራቱ ላይ ጣል አድርጊ፤ ስታርች ባለበት ሁሉ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ሙሉ ክቡ ከጠቆረ ገና ጥሬ ነው፣ መሐሉ ቡናማ ሆኖ ከቀረ መብሰል ጀምሯል። የሞከርሽበትን ቁራጭ ጣዪው፣ አይበላም።

ምትኩ 2 ሙዝ ለ1 ፕላንቴን ነው። የእኛ ሙዝ ቀጭን ስለሆነ 2 ሳንቲ ሜትር አድርገሽ ቁረጪው፤ ከ7 እስከ 8 ደቂቃ ይበቃዋል። ከፕላንቴን የበለጠ ውኃ ስላለው መረቁን በግማሽ ቀንሺ፣ አለበለዚያ ጉልላቱ ይሰምጣል።

ከኡጋንዳ የሚመጣ ማቶኬ ካጋጠመሽ እሱም ፕላንቴን አይደለም፤ ሌላ ዓይነት ነው፣ ለመቀቀል እንጂ ለዚህ ጥብስ አይመረጥም። እንሰትን ከሙዝ ጋር ስለሚመሳሰል "ይሞከር" የሚሉ አሉ፤ ከእንሰት የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው፣ ፍሬው ለዚህ አይሆንም።

ጉለሌ_ማዕድ

ለቺቻሮኑ ምትክ ሩቅ አትሂጂ፤ የዶሮ ቆዳ አለልሽ። ለዶሮ ወጥ ስንገነጥል ገፈን የምንጥለው ያ ቆዳ ለዚህ ምግብ የተፈጠረ ነው። በጨውና በሎሚ እጠቢው፣ በጨርቅ ጨምቀሽ አድርቂው፣ የላይኛውን ፊት ወደ ታች አድርገሽ ቀዝቃዛ መጥበሻ ላይ ዘርጊው፤ ከላዩ ሌላ ከባድ ድስት ጫኚበት። በዝቅተኛ ሙቀት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። በመሐል አንዴ ገልብጪው። እሳቱን ካጣደፍሽው ስቡ ሳይወጣ ላዩ ያርራል፣ ሲቀዘቅዝም እንደ ጎማ ይሆናል። የወጣውን ስብ አትድፊው፤ ከወይራ ዘይቱ ግማሹን በሱ ብትተኪ ጣዕሙ ወደ ዋናው ይቀርባል፣ ምክንያቱም ቺቻሮን ሞፎንጎ ውስጥ የሚገባው ለመንኮሻኮሹ ብቻ ሳይሆን ለጨውና ለስቡም ነው።

የበሬ ጮማም ይሆናል። በ1 ሳንቲ ሜትር ከትፈሽ ከሩብ ኩባያ ውኃ ጋር ምድጃ ላይ ጣጂው፤ ውኃው እስኪተን ስቡ ይቀልጣል፣ ከዚያ በራሱ ስብ ይጠበሳል። የጮማ ስብ ግን ቶሎ ይረጋል፣ ቀስ ብሎ ለሚበላ ሰው አፍ ላይ ይለጠፋል። እኔ ብሆን ዶሮውን እመርጣለሁ። ቋንጣ የሚያስገቡም አሉ፤ ጨውና መንኮሻኮሽ ይሰጣል፣ ስብ ግን የለውም፣ በርበሬውም ነጭ ሽንኩርቱን ይሸፍነዋል። ከተጠቀምሽ በርበሬ ያልነካው ይሁን።

ለጾመኞቹ እንጉዳይ ቀጠን አድርገሽ ክተፊ፣ ያለ ዘይት መጥበሻ ላይ ውኃውን አስጨርሺው፣ ከዚያ በዘይት እስኪደርቅ ጥበሺው። የሚያወጣውን ውኃ ከካሮት፣ ከሽንኩርትና ከድንብላል ቅጠል ጋር አፍልተሽ መረቅ አድርጊው። አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብሽ፦ የጾመኞቹን ድርሻ አስቀድመሽ ጥበሺ፣ አስቀድመሽ ውቀጪ። ዘይቱም ሙቀጫውም የዶሮ ስብ ከነካቸው በኋላ በማጠብ ብቻ አይመለሱም።

ሽሮ_ሜዳ

የሚዘገዩ እንግዶች ካሉሽ፣ በተለይም የምታገኚው ሙዝ እንጂ ፕላንቴን ካልሆነ፣ ማንጉን አስቢበት። የዶሚኒካን ሪፐብሊክ የቁርስ ምግብ ነው፤ አይጠበስም፣ ተቀቅሎ ይፈጫል። ጥሬ ሙዝ ለሞፎንጎ ይሆናል ቢባልም የሚያምርበት ማንጉ ላይ ነው፤ እዚያው አገርም በጥሬ ሙዝ ይሠሩታል። ለጾምም አያስቸግርም፤ ቅቤውን በዘይት መተካት ብቻ ነው።

ከውጭ የተጻፉ አሠራሮች "20 ደቂቃ ቀቅሉ" ይላሉ። የባሕር ጠረፍ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርን ያልፋል፣ ውኃችንም የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ፕላንቴን ከሆነ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፣ ሙዝ ከሆነ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ሰዓት አትቁጠሪ፤ በሹካ ስትጫኚው መሐሉ ሳይንገራገር መሰንጠቅ አለበት። መሐሉ ላይ ነጣ ያለ ደረቅ መስመር ከቀረ ሲፈጭ ጓል ሆኖ ይቀራል፣ ጓሉን ደግሞ ምንም አያጠፋውም። ፕሬዠር ካለሽ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፤ ከፉጨቱ በኋላ 10 ደቂቃ ይበቃል።

ሙዙን ከነልጣጩ በቁመቱ አንዴ ሰንጥቀሽ ቀቅዪው፣ ሲበስል ልጣጩ ራሱ ይለቃል። ውኃው ላይ 1 ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጊበት፤ ያ የሚያጠቁር ፈሳሽ ድስትሽ ላይ ቀለበት ሠርቶ እንዳይቀር። ከነልጣጩ የተቀቀለበት ውኃ ይመራል፣ ስለዚህ ሌላ ንጹሕ ጨዋማ ውኃ ጎን ለጎን አፍዪ። ተልጦ የተቀቀለ ከሆነ ግን የራሱን ውኃ 2 ኩባያ አስቀሪ።

ለ3 ሰው 8 ሙዝ ብትይ፣ መጀመሪያ ያለ ውኃ ፍጪው፤ ውኃ ከገባ በኋላ ጓሉ እየተንሸራተተ ያመልጥሻል። ሙልጭ ሲል 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከዚያ ከ1 ኩባያ ሳይበልጥ ውኃ ጥቂት በጥቂት። ከምትፈልጊው ቀጠን ሲል አቁሚ፤ ሳህን ላይ ሲያርፍ ራሱ ይወፍራል። ክዳኑ ላይ ርጥብ ጨርቅ አድርገሽ ሙቅ ውኃ ያለበት ድስት ላይ ካስቀመጥሽው ግማሽ ሰዓት ሳይበላሽ ይቆይልሻል። ሞፎንጎ ይህን አይችልም።

ላዩ ላይ የሚደረገው ሽንኩርት ላይ እጃችን ልማድ አለው፣ ተጠንቀቂ። እንደ ወጥ ሽንኩርት አይቁላላም! 2 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት በቀጭኑ ክብ ክብ ተቆርጦ በ2 ማንኪያ ዘይት 3 ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ 3 የሾርባ ማንኪያ አቼቶና ጨው። አቼቶው ሲነካው ከሐምራዊ ወደ ደማቅ ሮዝ ይዞራል፤ ያኔ አውርጂ። ሲነከስ ቅርጭ ማለት አለበት። ከጎኑ በዋናው አሠራር የተጠበሰ ሳላሚ፣ የተጠበሰ አይብና እንቁላል ይቀርባል፤ ለማይጾሙት የበሬ ሞርታዴላና እንቁላል ያስኬዳል። የእኛ አይብ መጥበሻ ላይ ይፈረፈራል፣ አይጠበስም፤ ከፈለግሽ ቀዝቃዛውን ጎኑ አስቀምጪው።

አራት_ኪሎ_ማጀት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠየቅሁት በላይ ነው ያገኘሁት። ሦስት ነገር ብቻ ልጨምር። ሙቀጫዬ በርበሬና ኮረሪማ የተወቀጠበት ነው፣ ሽታውን ማስለቀቅ ይቻላል? ጥብሱን በኦቨን ወይም በኤር ፍራየር መተካትስ? ለማይጾሙት ደግሞ በወይራ ዘይቱ ፋንታ ንጥር ቅቤ ባደርግበት?

ዘነዘና

ሙቀጫው፦ እንጨት የጠጣውን ዘይትና ቅመም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ጨው በብዛት ነስንሰሽ በግማሽ ሎሚ ፈትጊው፣ ከዚያ ጥሬ ሩዝ ወቅጠሽበት ድፊው፤ ሩዙ ቀለምና ሽታ ሳያወጣ እስኪቀር ድገሚ። የበርበሬው ይቀንሳል፣ የኮረሪማው ግን ያስቸግራል። የድንጋይ ወይም የነሐስ ሙቀጫ ከጎረቤት ብትዋሺ ይሻላል፤ በፈላ ውኃ አሙቂው፣ ቀዝቃዛ ድንጋይ የፕላንቴኑን ሙቀት ይነጥቃል። መሣሪያው ራሱ ለእኛ እንግዳ አለመሆኑ ደስ ይላል። ሙዝና ፕላንቴን የአሜሪካ ተክሎች አይደሉም፤ ሙዝ ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ የገባው እ.ኤ.አ. በ1516 በስፔናዊው መነኩሴ ቶማስ ዴ ቤርላንጋ እጅ እንደሆነ ይጻፋል። ቀቅሎና ጠብሶ መውቀጡን ደግሞ ወደ ካሪቢያን በባርነት የተወሰዱት አፍሪካውያን ይዘውት የሄዱት ሙያ ነው። እነሱ ፒሎን የሚሉት የእኛው ሙቀጫና ዘነዘና ነው።

ኦቨኑ፦ ይሆናል፣ ግን ይደርቃል። ቁራጮቹን በዘይት በደንብ ለውሰሽ በ190 ዲግሪ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ፣ መሐል ላይ ገልብጪ። ኤር ፍራየር ከሆነ 15 ደቂቃ አካባቢ ተመልከቺው። ስትወቅጪ በሰው 1 ማንኪያ ዘይትና 1 ማንኪያ መረቅ ጨምሪ። ጣዕሙ ከጥብሱ ያንሳል።

ለሚዘገዩት ደግሞ አንድ መላ አለ። ቁራጮቹን ለ6 ደቂቃ ብቻ ጥበሺ፣ ቀለም ሳይዙ አውጥተሽ ሳይደራረቡ ዘርጊ። እንግዳው ሲቀመጥ ወደ ሞቀው ዘይት መልሰሽ 4 ወይም 5 ደቂቃ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ሙቀጫ። መብራት የመጥፋት ፀባይ ካለው ግን ዘይቱን የምትጥጂበት ሲሊንደር ወይም ከሰል በተጠንቀቅ ይኑር፤ ዘይቱ መሐል ላይ ከቀዘቀዘ ቁራጮቹ ዘይት ጠጥተው ይቀራሉ።

ንጥር ቅቤው ላይ ግን አልስማማም። ኮሰረቱና ኮረሪማው ጎልቶ ሞፎንጎ መሆኑ ይቀራል።

ጉለሌ_ማዕድ

ቅቤው ላይ ከዘነዘና እለያለሁ። ለጋ ቅቤ ያለ ቅመም ከተነጠረ በጣም ይስማማዋል፤ ቅመም የገባበት ነው የሚያበላሸው። ግማሽ ማንኪያ ቅቤ፣ ግማሽ ማንኪያ ዘይት አድርጊው፤ ቅቤ ብቻ ከሆነ እንደ ጮማው ቶሎ ይረጋል።

ነጭ ሽንኩርቱም ላይ አንድ ነገር፦ የሀበሻው ጥሬውን ኃይለኛ ነው። ልጆች ካሉ የተወቀጠውን በወይራ ዘይቱ ለ30 ሴኮንድ ያህል ለብ አድርጊው፤ ቀለም እንዳይዝ። ቡናማ ከሆነ ይመራል።

የተራው_ልጅ

ለ6 ሰው 12 ሙዝ ነው፣ አንቺ ግን 15 ግዢ። ከአንድ ዘለላ ላይ እንኳ 1 ወይም 2 ቀድሞ የበሰለ አይጠፋም። ከፍሪጅ ውጭ፣ ከአቮካዶና ከበሰለ ፍሬ አርቀሽ አስቀምጪው፤ አጠገቡ ያለ የበሰለ ፍሬ ቶሎ እንዲበስል ያደርገዋል። ዓርብ ከገዛሽ እሑድ ሊያልፍበት ይችላል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን።

ሽሮ_ሜዳ

ከተረፈ አትድፊው። የቀዘቀዘ ሞፎንጎ ተመልሶ ጉልላት አይሆንም፤ ነገር ግን በእጅሽ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ክብ አድርገሽ በጥቂት ዘይት በሁለቱም በኩል 4 4 ደቂቃ ጥበሺው። ወይም በእጅ እያድበለበልሽ የሚፈላ መረቅ ውስጥ ለመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃ ጣል ጣል አድርጊው፤ መረቁን ጠጥቶ መልሶ ይለሰልሳል። ማንጉ ከሆነ ድስት ላይ ግማሽ ኩባያ ውኃ ጨምረሽ በዝቅተኛ ሙቀት አማስዪው።